ጉዳዩ፦ ስለ ጭስ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም፦
እኔ ሚፍታህ አባ ረጋ፣ ሹፌር እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ አይሱዙ ወንበር
ከጅማ ሸገር፣ ከሸገር ጅማ፣ ቡና ጭኜ ስበር፣
ማንንም ለምኜ አላውቅም። ዛሬ ግን አለኝ ጥያቄ፦
ግብር ጣሉብኝ፣ በጭሴ ልክ። የምለውን አውቄ።

(የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሁለቴ አነበበችው፤
"ይነሳልኝ ነው ይጣልብኝ?" ብላ ማህተሙን ያዘችው።)

ነገሩ የተጀመረው አጂፕ ማደያ ነው፣ ሰልፍ ላይ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጨረቃ እንኳ ሳትታይ።
ከፊቴ አርባ መኪና፣ ሞተሩን ያጠፋ የለም፤
ናፍጣ ለመግዛት ናፍጣ የሚያነድ ዓለም።
ከጎኔ አንድ ባለ ባጃጅ፣ ተምኪን ነው ስሙ፣
ፎጣ አፉ ላይ አስሮ፣ ከነሳሉ፣ ከነሕመሙ፦
"ለጎማው ከፈልን፣ ለኬላው፣ ለዘይቱም፣ ለነዳጅ፤
የጭሱ ዱቤ በማን ስም ተጻፈ?" አለ ያ ልጅ።

ሳቅኩበት። ጊቤን ስወርድ ግን ሳቁ አልወረደልኝም።

አማቴ ኑሪያ፣ የማናዋ፣ መሪ ነክታ አታውቅም።
ዘንድሮ ቡናዋ አበበ፣ የጥር ካፊያ አታለለው፤
እሷ ሳትለቅመው፣ ፀሐዩ ከነቅርንጫፉ ቆላው።
አዌቱ በሐምሌ ሞልቶ ሔርማታ ሱቅ ለሱቅ ዞረ፤
ጨው ሻጩ አባ ጀበል ያለ ጨው አደረ።
ተምኪን ሆይ፣ ዱቤው በእነሱ ስም ነው የተጻፈ፤
እኔ ነዳሁ፣ እነሱ ከፈሉ፣ ያለ ደረሰኝ አለፈ።

ስለዚህ፦
የመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ትሁን፣ የጫማ ውስጥ ጠጠር፣
የማታስቆም ግን የማታስረሳ። ለከርሞ ትጨመር።
ከከርሞ ወዲያም። አስቀድሞ ይነገረን፣ ይለጠፍ በግድግዳ፤
ሌሊት መጥቶ በር የሚደበድብ አይሁንብን እንደ ዕዳ።
ጊቤን ሙሉ ጭነት ይዤ ስንቴ ወጥቻለሁ፤
በሦስተኛ ልፈትለክ ያለ መሃል ሲቆም አይቻለሁ።
በአንደኛ ማርሽ የተነሳ፣ ያልቸኮለ፣ ያልቆመ፣ ይደርሳል፤
እንቁላልስ በእግሯ ስትሄድ ማን ሮጣለች ይላል?

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል።
ገብቶ የሚቀር ከሆነ፣ ላንድክሩዘር ከወጣው፣
ይህን ማመልከቻ ቅደዱት፤ አልፈርምም ለጣጣው።
ዕቁብ ይሁን፣ ዕጣ የሌለው፤ ሁሉም በአንድ ቀን የሚበላ፤
ዳኛው ፊት የማይወጣበት፣ ድሃው የማይቀር ኋላ።
ከጅሬን ጭራሮ ለቅማ የምትወርደው ዘሃራ፣
በዓመት ሁለቴ ባጃጅ የምትይዝ፣ ያውም ታማ ተቸግራ፣
ከከፈለችው ይብለጥ የሚደርሳት። እኔ ይጉደልብኝ።
ሲጎድልብኝ ነው የማስበው፤ ሲሞላልኝማ እንቅልፍ አለብኝ።

ጓደኞቼ ሳቁ፦ "ሰማዩን ያጠቆረው የባዕድ ፋብሪካ፤
ያንተ እፍኝ ጭስ ምን ልትሆን? ምኗ ነው የሚለካ?"
እውነት ነው። ከዚያ ጭስ ፊት፣ የጅማ ጭስ ተጠራቅሞ
ቦዬ ውስጥ የሸናች ወፍ ነው። ሙሉ መልስ የለኝም ደግሞ።
ብቻ፣ "እናንተስ ክፈሉ" የሚባልበት ቀን ሲመጣ
ባዶ እጁን ከሚያወናጭፍ፣ ደረሰኝ የያዘ ይውጣ።

ታሪፍ ይጨምራል፤ ሽንኩርትም ይጨምራል፤ አልዋሽም።
ባለቤቴ ራድያ አንብባ መለሰችልኝ፤ ቃል አልተነፈሰችም።
ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ነጠብጣብ የእሷ ነው፤
እንባ ይሁን የሽንኩርት ውሃ፣ አልደፈርኩም ልጠይቀው።

ከሰላምታ ጋር።

አባሪ፦ አንድ መሐረብ፣ ጥቁር።
ጠዋት ከቤት ስወጣ ነጭ ነበር።